ለሟች የተጻፈ መጥሪያ

እኛ ፍርድ ቤት «መዝገብ ይታሸጋል» ሲባል ነገሩ አባባል አይደለም። መዝገቡ በወፍራም ክር ይሰፋል፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም ይንጠባጠብበታል፣ ማኅተም ይረገጥበታል፤ ከዚያ ከኋላው ክፍል የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ቁጥሩም ከማውጫው ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ ፖሊስ ቢጠይቅ፣ ቀጣሪ ቢጠይቅ፣ መልሳችን አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ሕግ ተምሬ መዝገብ ቤት ስመደብ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ይህን ሥራ ግን ወደድኩት። ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ስሙ ቢመለስለት ማንን ይጎዳል እል ነበር።

ከማሸጉ በፊት የምንፈጽመው አንድ የውስጥ መመሪያ አለ። በእያንዳንዱ መዝገብ ሽፋን ውስጥ የተመልካች ቅጽ ተለጥፏል። መዝገቡን ሊያይ የመጣ ሰው ቀን፣ ስምና አድራሻ ሞልቶ ይፈርማል፤ ያሳየው ሠራተኛም ከጎኑ ይፈርማል። ከቅጹ በቀር ተመልካች ወረቀቱን በእጁ አይነካም። ፊት ለፊቱ ተቀምጠን ገጹን እኛ እንገልጥለታለን። መመሪያው እንደሚለው፣ መዝገቡን ባለፉት አምስት ዓመታት ያየ ሰው ሁሉ ከመታሸጉ በፊት መጥሪያ ሊደርሰው ይገባል፤ ተቃውሞ ካለው ችሎት ቀርቦ ይናገራል። ያረጀ የወንጀል መዝገብ ለማየት የሚመጣ ሰው ስለሌለ ይህ መመሪያ አስቸግሮን አያውቅም።

አመልካቹ የመጣው ከታላቅ እኅቱ ጋር ነው። እሱ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ግን የታመመ፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጠረጴዛ ይዞ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር ሳታወልቅ ነበር የመጣችው። «እትዬ» ይላታል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እኛም እትዬ ማለት ጀምረን ነበር። ማመልከቻውን ያቀበለችው እሷ፣ የተጠየቀውን የመለሰችው እሷ፣ የጎደለ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ የሮጠችው እሷ ናት።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሠላሳ አንድ ዓመት በፋይል መሐል የኖሩ ሰው ናቸው፤ ግቢው ሁሉ ጋሽ አቧራ ይላቸዋል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጁ ራሱ አይናገርም ወይ ብለው ጠየቁ።

«እሱ ከተናገረ ዝናብ ይዘንባል፤ እኔን ያናግሩኝ» አለች።

«እንግዲያውስ የዘንድሮውን ድርቅ ያመጣው ያንቺ ወንድም ነው በይኛ» አሉ ጋሽ አቧራ። እሱም ፈገግ አለ።

ጉዳዩን የነገረችን እሷ ናት። ከእስር ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ወገቡ አለቀ፤ ሐኪም ከእንግዲህ ሸክም እንዳይነካ አስጠንቅቆታል፤ መጋዘኑም አሰናብቶታል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል። እሷ ዩኒፎርም የምትሰፋለት ትምህርት ቤት የአውቶቡስ ሾፌር ይፈልጋል። ርዕሰ መምህሩ ለእሷ ሲል ቦታውን እስከ ወር መጨረሻ ይዞላታል፤ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ካላመጣ ግን አይሆንም። «ይቺ ካለፈችው ሌላ የሚቀጥረው የለም» አለች፤ ይህን ስትናገር ቀልዱ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። ቀጠሮ አስያዝንላቸው፤ መዝገቡን አውጥቼ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ መዝገቡን አገኘሁት። ቀጭን ነው። አመልካቹ የሃያ ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ሳለ፣ ሾፌሩ ሰክሮ ከኋላ ተኝቶ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መሪ ይዟል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከከተማው ጠርዝ አንድ የቀን ሠራተኛ ገጭቶ ገድሏል። ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጥቷል፤ አራት ዓመት ተፈርዶበታል። የሟቹ ዘመድ ተፈልጎ አልተገኘም። ያስቀበረው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ከሰውየው የተረፈው አንድ ጉርድ ፎቶ፣ ያላስገባው የሥራ ማመልከቻ ከነፊርማው፣ ኤግዚቢት ክፍል ያለ ኮትና ስሙ ነው።

የተመልካች ቅጹን ገልጬ ባዶ መሆኑን ላረጋግጥ ስል አሥራ ሁለት መስመር ተሞልቶ አገኘሁ።

አሥራ ሁለቱም በአንድ እጅ ጽሕፈት ነው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ አደጋው በደረሰበት ቀን። ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የሟቹ ስም ነው። አድራሻ በሚለው ቦታ የተጻፈውን የቤት ቁጥር ያን ዕለት ጠዋት ማመልከቻው ላይ አይቼዋለሁ፤ የእትዬ ቤት ነው። ፊርማውን ከሥራ ማመልከቻው ፊርማ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሁለቱን የምለይበት ነገር አላገኘሁም።

መጀመሪያ የተናደድኩ ይመስለኛል፤ አንድ ሰው እየቀለደ ነው ብዬ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ሠራተኛ ፊርማ ዞረ። የቀደሙት የጋሽ አቧራ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

የራሴን ፊርማ አላጣውም። ይህ ማለት ሁለት ጊዜ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚህ ሰው ፊት ተቀምጬ ገጽ ገልጬለታለሁ። ፊቱን ላስታውስ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። ድምፁን ሞከርኩ፤ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገጽ ልገልጥ እጄን ስሰነዝር ከፊት ለፊቴ የሆነ ሰው «ትንሽ ቆይ» ብሎኛል።

ቅጹን ይዤ ወደ ጋሽ አቧራ ሄድኩ። በሥራ ዘመናቸው ለስንት ሺህ ሰው መዝገብ እንዳሳዩ ነገሩኝ፤ ማንን ያስታውሱ? ወረቀቱን ሲያዩት ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ገጽ ሰባት ላይ ያስቆማል» አሉ በዝግታ። «ሌላውን እለፈው እለፈው ይልሃል። ሰባት ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆይ ይልሃል። አንተንም ብሎሃል?»

ብሎኛል አልኩ። ገጽ ሰባትን አብረን ገለጥነው። አመልካቹ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነው። አጭር ነው፦ አላየሁትም፤ ስመታው ወዲያው ሞተ፤ ወርጄ ሳየው ትንፋሽ አልነበረውም፤ ወዲያውኑ ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ።

ጋሽ አቧራ መዝገቡን ዘጉት። መጥሪያው ስለመድረሱ ማረጋገጫ ካልተያያዘ ዳኛዋ ጉዳዩን እንደማያዩት፣ ልጁም የወር መጨረሻ እንደሚያመልጠው ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የሟቹን ስም መጥሪያ ላይ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩና ወደ ተጻፈው አድራሻ ሄድኩ።

ቤቱ በመንገድ በኩል ያለው ክፍል ልብስ መስፊያ ነው፤ ከበሩ ማዶ ሲንጀር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሰማያዊ ዩኒፎርሞች፣ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ። ወንድሟ አልነበረም። መጥሪያውን ሳሳያት ስሙን በልቧ አነበበች፣ እግሯን ከመርገጫው አነሣች፣ የስፌት መኪናው ጥቂት ዞሮ ቆመ።

«ስሙ ይህ ነው እንዴ?» አለች። «እኔ ጠይቄው አላውቅም።»

ቁጭ በል ሳትለኝ ተቀመጥኩ። ሳታቋርጥ ነገረችኝ፤ ለማን ልንገር ብላ ለዓመታት እንደያዘችው ያስታውቃል። ወንድሟ በታሰረ በዓመቱ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። የቀን ሠራተኛ መሰላት፤ ጫማው ሲሚንቶ ነበረበት። ሰላምታ ሰጥቶ «ነገረሽ?» አላት። ምኑን ብትለው «እሺ» ብሎ ሄደ። በዓመቱ ደግሞ መጣ። ያኑ ጠየቃት፣ ያኑ መለሰችለት። የሟቹ ዘመድ ነው ብላ ፈርታ ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ከተፈታም በኋላ አልነገረችውም። ሰውየው በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያስፈራት ሌላ ነገር ነው።

«እኔ እያረጀሁ ነው» አለች። «ፀጉሬን እየው። እሱ ያው ነው።»

አንድ ዓመት ደግሞ ቆሞ ሲያያት ኮቱ ክፍት ሆኖ፣ መሐለኛው ቁልፍ ወድቆ አየች። የሙያ ነገር ሆኖባት አላስችል አላት። ና እስቲ ብላ በላዩ ላይ እንዳለ ሌላ ቁልፍ ሰፋችለት። ጥቁር ክር አልቆባት ነበር፤ አረንጓዴ ክር ነው የገጠመችው፤ ክሩ ከኮቱ ጋር አይሄድም ብላ ይቅርታ ጠየቀችው። እጇ ደረቱን ሲነካው ሙቀት እንዳልነበረው የነገረችኝ በመጨረሻ ነው፤ እሱንም ስትናገር መቀሷን እያየች ነበር።

መጥሪያውን ፈርማ እንድትቀበል ብጠይቃት አልፈልግም አለች። በመመሪያው መሠረት በሩ ላይ ለጠፍኩት። ወንድሟ ሳያየው እንደምትገነጥለው ነገረችኝ፤ እኔም አልከለከልኳትም። ስሄድ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ» አለችኝ፤ «ይቃወማል ብለህ ታስባለህ?»

በማግስቱ ጋሽ አቧራና እኔ ኤግዚቢት ክፍል ገባን። ከረጢቱ በሽቦ ታስሯል፤ የእርሳስ ማኅተሙ የተመታበት ቀን ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ማንም አልነካውም። የመዝገቡ ዝርዝር «ጥቁር ኮት፣ ከሦስቱ ቁልፎቹ መሐለኛው የጎደለ» ይላል። ጋሽ አቧራ ሽቦውን በጉጠት ቆረጡ፤ ኮቱን አውጥተው ብረት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ከላይ ወደ ታች በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት ቁልፍ አለው። መሐለኛው በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል፤ ቋጠሮው ጥሩ ባለሙያ የቋጠረው ነው።

ጋሽ አቧራ በዕድሜያቸው የቀለዱትን ቀልድ ሁሉ የረሱ መሰሉ። ኮቱን መልሰው ሲያጥፉ እንደ ሰው ልብስ ነው ያጠፉት፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርገው፣ ኮሌታውን አስተካክለው።

የቀጠሮው ቀን አደጋው የደረሰበት ዕለት መሆኑን ያስተዋልኩት ችሎት ገብቼ የዕለቱን ቀን መዝገቡ ላይ ስጽፍ ነው። ዳኛዋ የመረጡት ክፍት ቀን አይተው ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ድምፅ የሚያሰማ ማራገቢያ፣ ወደ ኮሪደር የሚከፈት በር። እትዬ ጥቁር ሱፏን ለብሳለች። ወንድሟ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ሸሚዙን እሷ እንደሰፋችው መገመት አያዳግትም።

ዳኛዋ ፈጣን ሴት ናቸው። ማመልከቻውን አንብበው፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አይተው፣ ጉዳዩ ቀላል እንደሆነ ፊታቸው ተናገረ። መጥሪያው ላይ ሲደርሱ ቅንድባቸውን አነሡ። ስሙ ከሟች ስም ጋር አንድ መሆኑን አመለከትኩ። ሌላውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

«ሞክሼ ይሆናል» አሉ ዳኛዋ። «መመሪያ መመሪያ ነው፤ ይጠራ።»

አመልካቹ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። እኅቱን አያት፤ እሷ መሬት ታያለች።

ችሎት አስከባሪው በሩን ከፍቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመና የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠራ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ባለጉዳይ አልቋል፤ ድምፁ እስከ ደረጃው ሄዶ ተመለሰ። ሁለተኛ ጠራ። ማራገቢያው ይንጫጫል። ሦስተኛ ጠራ።

«አቤት።»

ድምፁ አልጮኸም። ተራ ሲጠብቅ የዋለ ሰው፣ ስሙ በመጨረሻ ሲጠራ የሚመልሰው ዓይነት ነበር። ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ማንም አልገባም። አስከባሪው ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣ ተመልሶ ደፉ ላይ ቆመ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሰው የለም።»

«አቤት ያለው ማነው ታዲያ?»

«ሰምቻለሁ» አለ፤ «ግን ሰው የለም።»

ዳኛዋ የተከፈተውን በር አዩት። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ተጠሪው በአካል ስላልቀረበ ተቃውሞ እንደሌለው እንደሚቆጠር ተናግረው እስክሪብቷቸውን አነሡ። አመልካቹ ማድረግ የነበረበት ነገር ቢኖር ለግማሽ ደቂቃ ዝም ማለት ነው። ዝምታ ደግሞ ሙያው ነው። እትዬ እጅጌውን ጨብጣ ይዛለች።

አመልካቹ የፊቱን አግዳሚ ተደግፎ ተነሣ።

«ድምፁ የእሱ ነው» አለ።

ዳኛዋ የማን እንደሆነ ጠየቁት። ወደ ተከፈተው በር በአገጩ አመለከተ። «የሰውየው። አውቀዋለሁ። እስኪነጋ ሰምቼዋለሁ።»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው፣ አንድም ቃል ሳይዘሉ አስጠነቀቁት፤ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ከተናገረ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚታሸግ መዝገብ አይኖርም። ገብቶህ ነው? አሉት። ገብቶኛል አለ። ይጻፍ አለ። እኔም ጻፍኩ።

ሰውየው ወዲያው አልሞተም። ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር በጀርባው ተጋድሞ ነበር። ልጁ ወርዶ አጠገቡ ቆመ፤ ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ስሙን ነገረው፤ የአባቱን ስም ጨምሮ። ሰው እንዲጠራለት ለመነው። ልጁ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው አሰበ፤ ሾፌሩ ቢነቃ ምን እንደሚለው አሰበ፤ ሰውየው ተርፎ ቢመሰክርበት ምን እንደሚሆን አሰበ። ወደ መኪናው ሲመለስ ሰውየው ከኋላው «አትሂድ፣ ትንሽ ቆይ» አለው። ጋቢና ገብቶ መስታወቱን ዘጋ። በመስታወቱ በኩል ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ፀሐይ ወጣች። ድምፁ ሲቆም ወርዶ ወደ ጣቢያ ሄደ።

«አንድ መኪና አልፎን ነበር» አለ። «እጄን ባወጣ ይቆም ነበር።»

እትዬ እጅጌውን ለቀቀችው። ወንድሟን አላየችም፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር፣ የቆመ ሰው ፊት ሊሆን በሚችል ከፍታ ላይ።

«ነገረኝ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ምንም ድምፅ አልነበረም። አስከባሪው ግን ከደፉ ላይ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተንቀሳቀሰ፤ ኋላ ስጠይቀው ለምን እንደተንቀሳቀሰ አላወቀም።

ትእዛዙ አጭር ነው። ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል፤ አዲሱ ቃል ከገጽ ሰባት ቀጥሎ ይያያዛል፤ ግልባጩ ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕግ ይቅረብ፤ አመልካቹም አብሮ ይቅረብ። ዳኛዋ ይህን ሲያነቡ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ፈጣን አልነበረም። የልጁ ቃል ሦስት ገጽ ሆነ። እያንዳንዱ ላይ ፈረመ። ጋሽ አቧራ መዝገቡን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ወጡ፤ ከዚያ በፊት ፋይል እንዲህ ሲይዙ አላየኋቸውም።

ዐቃቤ ሕግ ቢሮው ምድር ቤት ነው። እዚያ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ እትዬ እንደ ገና መናገር ጀመረች፤ ግን ለራሷ ነበር የምትናገረው። ርዕሰ መምህሩን ምን እንደምትለው። ለአውቶቡሱ ብላ የሰፋችለትን ካኪ ጃኬት ለማን እንደምትሸጠው። እሱ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ፣ መደገፊያውን ይዞ፣ ወገቡን እያስታመመ ይወርዳል።

«እትዬ፣ ትቆጪኛለሽ?» አላት።

«ቤት ስንገባ» አለች። «አሁን ደረጃውን እይ።»

ጠባብ ደረጃ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስወርዳል፤ ሦስተኛ አያስወርድም። መሐሉ ላይ ስንደርስ እትዬ ዞር ሳትል ትከሻዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። እኔም፣ ለምን እንደሆነ ሳላስብ፣ ተከትያት ተጠጋሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ያለፈን ሰው ግን አላየሁም።

ታች የብረት በር አለ፤ ካልያዙት በኃይል የሚዘጋ። እሱ ቀድሞ ደርሶ ከፍቶ ያዘልን። እትዬ አለፈች። እኔ አለፍኩ። እሱ ግን በሩን አልለቀቀውም። ወገቡ እያመመው፣ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ መንገድ ሰጠ፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ያህል ጊዜ ቆየ፤ ከዚያ በቀስታ ዘጋው።